ማውስ የሚበላው ሰዓት፦ የሐዋሳ ነጋዴና የኤክሴል ሠንጠረዡ

ጥቅምት ሲገባ የሐዋሳ ገበያ ወሬው ሁሉ ቡና ይሆናል። ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም፣ ከበንሳና ከሁላ የሚነሣው ጭነት መንገዱን ይይዛል። መፈልፈያ ላይ የተመዘነው እሸት ቡና፣ ለገበሬው የተቆጠረው ገንዘብ፣ የመኪና ኪራይ፣ የጆንያ ዋጋ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ፣ የባንክ ብድርና ወለዱ ሁሉ የኋላ ኋላ የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው፤ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ።

ሠንጠረዡን የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ባንኩ ብድሩ የት እንደደረሰ ማየት ይፈልጋል። ሸሪኩ ድርሻውን ይጠይቃል። ላኪው ስንት ኩንታል እንደተዘጋጀ ለማወቅ ይደውላል። የሒሳብ ሠራተኛው በበኩሉ ቁጥሩን ካስገባ በኋላ ሌላ ሥራ ይቀረዋል። ርዕሱን ማድመቅ፣ ዓምዱን ማስፋት፣ መስመር ማስመር፣ ሺዎቹን በነጠላ ሰረዝ መለየት፣ ቀኑን ማስተካከል አለበት። ይህን ሁሉ በማውስ ሲያደርግ አንዱን ከላይ ይፈልጋል፣ ሌላውን ከጎን ይጎትታል፣ ያመለጠውን ደግሞ ይመለስበታል።

የሚጠፋውን ጊዜ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንዱን ማስተካከያ በማውስ ፈልጎ መጫን ስድስት ሰከንድ፣ በኪቦርድ ግን ሁለት ሰከንድ ይወስዳል እንበል። በቀን 300 ማስተካከያ የሚያደርግ ሰው በእያንዳንዱ አራት ሰከንድ ቢያተርፍ በቀን 1,200 ሰከንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ያገኛል። በወር 26 የሥራ ቀን ቢታሰብ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይበልጣል። ደመወዝ ከፋዩ ነጋዴ በየወሩ የአንድ ቀን ደመወዝ ለማውስ ይከፍላል ማለት ነው።

ከጊዜው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሠንጠረዥን ማሳመር ቁጥሩን የሚለውጥ አይመስልም፤ ነገር ግን በችኮላ የተደረገ ማሳመር ገንዘብ ያስወጣል። በተለይ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ለሚከተል ነጋዴ ወጥመዱ ብዙ ነው።

ከአፕል እስከ ኤክሴል

የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ዕድሜው አጭር ነው። ቪዚካልክ የተባለው የመጀመሪያው ታዋቂ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ወጣ። ፈጣሪዎቹ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሎተስ 1-2-3 ተተካ። ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 በማኪንቶሽ ላይ ጀምሮ በ1987 ወደ ዊንዶውስ ተሻገረ።

በሎተስ ዘመን ማውስ እምብዛም አልነበረም። ሠራተኛው የዘንባባ መስመሯን ቁልፍ፣ ማለትም ስላሽን ሲጫን ምርጫዎች ይከፈቱለት ነበር፤ ከዚያ በፊደል እየመረጠ ይጓዛል። ዛሬም በኤክሴል ባዶ ሴል ላይ ሆኖ ስላሽን የሚጫን ሰው ከላይ ባለው የትእዛዝ ሰሌዳ ላይ ፊደላት ብቅ ሲሉ ያያል። የድሮዎቹ የሒሳብ ሠራተኞች ልማድ እስከ ዛሬ ተጠብቆ መቆየቱን ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኤክሴል የሠንጠረዡን መጠን ከ65,536 ረድፍ ወደ 1,048,576 ረድፍ አሳደገው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ብዙ ሠራተኛ የሚቀጥር ቦታ የደመወዝ ዝርዝሩን በአንድ ገጽ ለመያዝ አይቸገርም። ሆኖም ፋይሉን በድሮው ዓይነት የሚያስቀምጥ ቢሮ አሁንም በድሮው ወሰን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት በድሮው ዓይነት ፋይል ሲጠቀም ከወሰኑ ያለፉት ረድፎች ሳይገቡ ቀርተው 15,841 የኮሮና ሕሙማን ከሪፖርት ወጥተው እንደነበር ይታወሳል።

ለዕለት ሥራ የሚበቁት ቁልፎች

በኤክሴል ያሉት አቋራጭ ቁልፎች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ለነጋዴ የሚበቁት ግን ከአሥራ አምስት አይበልጡም።

ከሁሉም በፊት መምረጥ ይመጣል። ኮንትሮልንና ስፔስን አብሮ መጫን ዓምዱን በሙሉ ይመርጣል። ሺፍትና ስፔስ ረድፉን ይመርጣሉ። ኮንትሮልንና ሺፍትን ይዞ የቀስት ቁልፍ መጫን እስከ መረጃው ዳርቻ ድረስ በአንዴ ይወስዳል። ሁለት ሺህ ረድፍ ያለውን የእሸት ቡና መዝገብ በማውስ ወደ ታች እየጎተቱ ከሚደክሙበት ይህ አንድ ምት ይበልጣል።

ከተመረጠ በኋላ ዋናው በር ኮንትሮልና 1 ነው። የቁጥሩን ዓይነት፣ አሰላለፉን፣ ፊደሉን፣ መስመሩንና ቀለሙን በአንድ መስኮት ይከፍታል። ሌላውን ሁሉ የረሳ ሰው ይህን ብቻ ቢይዝ ሥራው አይቆምም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና 1 ቁጥሩን በነጠላ ሰረዝና በሁለት የሳንቲም ቤት ያስቀምጠዋል። 1250000 እና 12500000 በደከመ ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ 1,250,000.00 እና 12,500,000.00 ግን ከሩቅ ይለያሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 5 መቶኛ ያደርጋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 7 በተመረጠው ዙሪያ መስመር ያሰምራል። ኮንትሮልና ቢ ያደምቃል። ኦልትና የእኩል ምልክት ድምሩን ራሱ ይጽፋል።

በኦልት የሚጀምሩት ረጃጅሞቹ ትእዛዞች አብረው አይጫኑም፤ ተራ በተራ ናቸው። ኦልት፣ ኤች፣ ኦ፣ አይ በቅደም ተከተል ሲነኩ ዓምዱ በውስጡ ባለው ልክ ይሰፋል። ዓምዱ ጠብቦ በቁጥር ፋንታ የመሰላል ምልክት የሞላበትን ሠንጠረዥ የሚያድነው ይህ ነው። ኦልት፣ ደብልዩ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ርዕሱን ከላይ ያስቀረዋል፤ ወደ ታች ሲወረድ የትኛው ዓምድ ምን እንደነበረ አይጠፋም።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ኤፍ 4 ነው። ይህ ቁልፍ መጨረሻ ላይ የተደረገውን ይደግማል። አንዱን የመፈልፈያ ጣቢያ ርዕስ ቢጫ ያደረገ ሰው ወደ ቀጣዩ ሄዶ ኤፍ 4 መጫን ብቻ ይበቃዋል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ ኤን የሚለውን ቁልፍ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ያልተፈለገ ነገር ከተደረገ ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል።

አማርኛ የሚጽፍ ሠራተኛ ልብ ሊለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ በተቀየረበት ሰዓት ፊደል የሚጠይቁት ትእዛዞች ላይታዘዙ ይችላሉ። ስሙን በአማርኛ ጽፎ ሲጨርስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማሳመሩን ቢጀምር ይሻለዋል። በስም፣ በቁጥር፣ በስም እየተቀያየሩ ከመሥራት አስቀድሞ ስሞችን በሙሉ፣ ቀጥሎ ቁጥሮችን፣ በመጨረሻ ማሳመርን ለይቶ መያዝ ጊዜ ይቆጥባል።

ብር ወይስ ዶላር?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና 4 የገንዘብ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱን የሚወስነው ግን ነጋዴው ሳይሆን የኮምፒዩተሩ የአገር ምርጫ ነው። በአሜሪካ አሠራር የተስተካከለ ኮምፒዩተር የብሩን ዋጋ የዶላር ምልክት አድርጎ ያወጣዋል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ትርጉሙ ግን ተለውጧል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ገብቷል፤ ኋላም መቶን አልፏል። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ የወጪ ንግድ ዋጋን በዶላር፣ የግዢ ዋጋን በብር የሚይዝ ላኪ ምልክቱን ለኮምፒዩተር መተው የለበትም። መፍትሔው በኮንትሮልና 1 ገብቶ፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ ያለውን የራስ ምርጫ ወስዶ፣ ከቁጥሩ ቅርጽ ቀጥሎ «ብር» የሚለውን ቃል በትምህርተ ጥቅስ ማስገባት ነው።

የፈረሱላም ነገር እንደዚሁ ነው። ሴሉ ውስጥ «25 ፈረሱላ» ብሎ በእጅ የሚጽፍ ሠራተኛ ሳያውቀው ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ለውጦታል። ድምሩ ይህን ሴል ዘልሎት ያልፋል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ቃሉ በራስ ምርጫ በኩል ከገባ ግን ዓይን «25 ፈረሱላ» ያያል፣ ኤክሴል 25 ይደምራል። ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ መደገፉም ጥሩ መለያ ነው። በቁጥር ዓምድ ውስጥ ወደ ግራ የተደገፈ ካለ መመርመር አለበት። አሰላለፉን ወደ መሐል ማድረግ ያምራል፤ ይህን ምልክት ግን ያጠፋል።

የሚታየውና ያለው

ማሳመር የሚለውጠው የሚታየውን እንጂ ያለውን አይደለም። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 60 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ ለ17 ሲካፈል 3.5294 ፈረሱላ ይሆናል። ሁለት ቤት ብቻ እንዲታይ ሲደረግ ሠንጠረዡ 3.53 ያሳያል፤ በውስጡ ግን ሙሉውን ቁጥር ይዟል።

ሻጩ 300 ጆንያ አለው እንበል። ኤክሴል በያዘው ሙሉ ቁጥር 1,058.82 ፈረሱላ ያወጣል። ገዢው የታተመውን ወረቀት አይቶ 3.53 ን በ300 በስልኩ ሲያባዛ 1,059 ያገኛል። ልዩነቱ ሦስት ኪሎ ነው። ፈረሱላው 5,000 ብር ቢታሰብ 882 ብር ገደማ ይሆናል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን ደላላው መሐል ቆሞ ማስታረቅ ይጠበቅበታል። አስቀድሞ በስንት ቤት እንደሚጠጋጋ ተስማምቶ፣ በማሳያ ሳይሆን ራውንድ በሚለው ፎርሙላ ቁጥሩን ራሱን ማጠጋጋት ጭቅጭቁን ያስቀራል።

ጷጉሜን የማያውቅ ኮምፒዩተር

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ከባዱ ወጥመድ ቀን ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው። ነጋዴው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 2017ን 1/5/2017 ብሎ ሲጽፍ፣ ቀንን አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኮምፒዩተር ሜይ 1 አድርጎ ይወስደዋል። መጋቢት 1፣ ማለትም 1/7/2017፣ ጁላይ 1 ይሆናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሁለቱ መካከል 60 ቀን አለ። ኤክሴል ሲቀንስ ግን 61 ያወጣል፤ ሜይ 31 ቀን ስላለው ነው።

በአንድ ሚሊዮን ብር ብድር ላይ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢታሰብ የአንድ ቀን ወለድ 493 ብር ከ15 ሳንቲም ነው። አንድ ቀን ያን ያህል ላይመስል ይችላል። ዓመት ሲሻገር ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ከነሐሴ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 1 ቀን 2017 ትክክለኛው ርቀት 30 የነሐሴ ቀናትና 5 የጷጉሜ ቀናት፣ በድምሩ 35 ቀን ነው። ያው ኮምፒዩተር ከዲሴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 1 ቆጥሮ 31 ይላል። አራት ቀን ጠፋ ማለት ነው። በዚሁ ብድር ላይ 1,972 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ብድሩ አሥር ሚሊዮን ከሆነ ወደ ሃያ ሺህ ይጠጋል። ነጋዴው ያልጠበቀውን ወለድ ባንክ ሲጠይቀው ስሕተቱ የባንኩ ይመስለዋል።

የባሰው ደግሞ በአንድ ዓምድ ውስጥ የተቀላቀለ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 በቁጥር 30/2/2017 ይጻፋል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ወርን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ጷጉሜ 5 ቀን 2016፣ 5/13/2016 ተብሎ ሲገባ፣ ሜይ 13 ሆኖ ይቀመጣል። ኮንትሮልና ነጠላ ሰረዝ ያላትን ነጥብ አብሮ መጫን የዕለቱን ቀን በፍጥነት ያስገባል፤ የሚያስገባው ግን የአውሮፓውያኑን ነው። በእጅ የተጻፈውና በቁልፍ የገባው በአንድ ዓምድ ከተገናኙ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ።

እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ ቁልፍ እንደ መርማሪ ያገለግላል። የቀኑን ዓምድ በሙሉ መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 3 መጫን ነው። ኤክሴል እንደ ቀን የወሰደው ሁሉ በእንግሊዝኛ የወር ስም ይወጣል። ያልተለወጠው ጽሑፍ ነው። ሠራተኛው «ጥር» ያለው «ሜይ» ሆኖ ሲያየው ያን ጊዜ ይነቃል። ኮንትሮልና ዜድ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ዘላቂው መፍትሔ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መያዝ ነው። ከዚያም ዓመቱን በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ትርፍራፊውን ጥሎ የሚቀረውን ሙሉ ቁጥር መደመር፤ ወሩን በ30 አባዝቶ መደመር፤ በመጨረሻም ቀኑን መደመር። ለሁለቱም ቀናት ይህ ከተሠራ በኋላ አንዱን ከሌላው መቀነስ ትክክለኛውን የቀን ብዛት ይሰጣል። ጷጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመትም በአግባቡ ይቆጥራል። ፎርሙላው አንዴ ከተጻፈ ኮንትሮልና ዲ እስከ ታች ያወርደዋል።

የተደበቀው ረድፍ

ኮንትሮልና 9 የተመረጠውን ረድፍ ይደብቃል። ፈጣን ነው፤ ያጸዳል፤ ሠንጠረዡን ያሳጥራል። ነገር ግን የተደበቀ የተሰረዘ አይደለም።

ለዚህ ማስረጃው ከዎል ስትሪት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 ሌማን ብራዘርስ ሲከስር የእንግሊዙ ባርክሌይስ ባንክ ከንብረቱ የተወሰነውን ለመግዛት ተስማማ። የሚረከባቸው ውሎች ወደ 1,000 በሚጠጉ ረድፎች በኤክሴል ተዘርዝረው ነበር። ከእነርሱ መካከል ባንኩ የማይፈልጋቸው 179 ውሎች አልተሰረዙም፤ ተደብቀው ነበር። ለፍርድ ቤት የሚቀርብበት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩ በአንድ የሕግ ቢሮ ውስጥ ፋይሉ ተስተካክሎ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር የተደበቁት ረድፎች ተገለጡ። ባንኩም የማይፈልጋቸውን ውሎች እንደሚረከብ ተደርጎ ተጻፈ። ኋላ ስሕተቱ ይታረም ዘንድ ለፍርድ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ግድ ሆነ።

የሐዋሳ ነጋዴ ሠንጠረዥ የዚያን ያህል አይሆን ይሆናል፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ያለበትን ረድፍ ደብቆ ፋይሉን ለገዢ የሚልክ ሰው ዕዳውንም ልኮታል። በመደበኛው ድምር ውስጥ የተደበቀውም ስለሚደመር ወረቀት ላይ የሚታዩት ቁጥሮች ተደምረው ከታች ካለው ጠቅላላ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ ፋይል ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ማድረግ ይበጃል። ኮንትሮልና ኤ ሁሉን ይመርጣል፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 9 የተደበቀውን ረድፍ ይገልጣል፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤል ማጣሪያ ካለ ያነሣዋል። የሚታየውን ብቻ ወደ ሌላ ገጽ መውሰድ የፈለገ ኦልትንና የነጥብና ነጠላ ሰረዝ ቁልፍን ተጭኖ የሚታዩትን ብቻ መርጦ መቅዳት ይችላል።

በአንድ ሳምንት

ቁልፎቹን ለመልመድ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሠላሳውን በአንድ ቀን ለመያዝ የሞከረ በማግስቱ ወደ ማውሱ ይመለሳል። በቀን ሦስት ቁልፍ ወስዶ በዚያ ቀን ለእነዚያ ሦስት ሥራዎች ማውስን አለመንካት ግን በአምስት ቀን አሥራ አምስቱን ያስይዛል። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጎን መለጠፍ የተለመደ ዘዴ ነው። ነፃው ሊብሬ ኦፊስ ላይ የሚሠራም ቢሆን ኮንትሮልና 1ን፣ ኮንትሮልና ቢን የመሳሰሉትን እዚያም ያገኛቸዋል።

ልምምዱን ለመጀመር ጥሩው ጊዜ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ክረምት ነው፤ ጥቅምት ሲገባ የሚማር ሰው የለም። የሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ አዲሱ ቡና ከመቅላቱ በፊት ባሉት ወራት የዓምናውን ሠንጠረዥ አውጥቶ የቀኑን ዓምድ በኮንትሮል፣ ሺፍትና 3 መፈተሽ ለመማሪያም ለመመርመሪያም ይሆናል። «ነሐሴ» ብሎ ያስገባው ነጋዴ «ዲሴምበር» ብሎ ከመለሰለት የዓምናውን ወለድ እንደገና ማስላት ይኖርበታል።